በደረሰኝ ጀርባ

ልጆቹን ለጦይባ፣ ቁልፉን ለጎረቤት፣
ቀኑን ለራሳችን ሰጥተን እንደ ስለት፣
ወጣን በማለዳ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
የሆጤ ሜዳ ሣር ጤዛውን ጎራርሶ።

አሥራ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ስንጋራ
እንዲህ ወጥተን አናውቅ፣ ያለ አንዳችም ሥራ፤
ወይ ለቅሶ ነው መንገድ፣ ወይ ክሊኒክ፣ ወይ ዕድር፣
ወይ የስኳር ወረፋ፣ ወይ ደግሞ የቤት ብድር።

ካርታ ሠርቻለሁ፣
በመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣
በልጄ ሰማያዊ እርሳስ፦
ከዚህ እስከዚያ ቀስት፣
እዚህ ጋ ክብ፣
መጨረሻው ላይ ኮከብ።
አስጎብኚ አልፈለግሁም።
የገዛ ከተማዬን ሰው አያሳየኝም፣ አልኩ።
ሎሚናት ከንፈሯን ነከሰች።
ሳቅ ነበር። አላየሁም።

ከአይጠየፍ አዳራሽ አጥር ተደግፈን
«ስሙ እንዴት ያምራል» አልኳት።
«እኔስ? ያንተን ካልሲ
አሥራ ሁለት ዓመት ያጠብኩት፣
አይጠየፍ ማለት እኔ አይደለሁ?»
ዘበኛው ሰምቶ ኖሮ
ካፖርቱ ውስጥ ሳቀ።

ቁልቁል ወደ ፒያሳ።
በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪኖች ይንጫጫሉ፣
አንዱ ሰፊ መርፌ በአፉ ይዞ ሰላም ይለናል።
ባጃጁ ቆመልን፦ «ሮቢት ነው? ሁለት ሰው!»
«በእግራችን ነን» አልነው።
«ምን ሆናችሁ?» አለ።
እውነትም፣ ምን ሆነን ነው?

ምሳ፣ አንድ ሳህን ፉል፣ ሁለት ዳቦ።
ቃሪያውን ለእኔ ገፋች፣ ዘይቱን ወደ ራሷ አዘነበለች።
አዲሱ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ነበር፤
ለእኔ ብላ እንዳደረገችው
ያወቅሁት ስታነክስ ነው።
ፕላስተር ገዛሁ፤ አንድ ደረሰኝ ተጨመረ።

ከዚያ ኮከቡ፦ ቧንቧ ውሃ፣ ደረጃው።
ቀኑን ሙሉ ያጠናሁትን ንግግር አወጣሁ።
«እዚህ ነው» አልኩ፣ «መጀመሪያ የተያየነው።
ዝናብ ነበር፣ ደብተርሽን በሻሽሽ ሸፍነሽ...»
«እዚህ አይደለም» አለች።
ካርታውን ከእጄ ወሰደች፣ ሳታየው አጠፈችው፣
እያነከሰች ቀደመችኝ።

ከሸርፍ ተራ በስተጀርባ፣
እኔ በማላውቀው፣ ወይ አውቄ በረሳሁት ቅያስ፣
ከታሸገ ሱቅ ፊት ቆመች።
የብረት መዝጊያው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል።
አጠገቡ አንድ ልጅ የስልክ ካርድ ይሸጣል።

«ከአክስቴ ክር ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስቆጥር ነበር፣
አንተ ከወዲያ ማዶ፣ ከጃንጥላ ጠጋኙ በር፣
'ሃያ ብር በዛ' ብለህ ቆመህ ተሟገትህ፣
በአሥራ አምስት ተስማማህ፣ ከዚያ ሃያ ሰጠህ፤
መልስህንም ሳትጠብቅ በዝናቡ ሮጥህ።
ጃንጥላውን እንኳ ሳትዘረጋው!
ሞኝ ነው አልኩ በልቤ፣ ሞኝ፣ ግን ደግ ሞኝ፤
ያን ቀን ቁልፍ ቆጠራው ሦስት ጊዜ ጠፋኝ።»

እኔ በማስታውሰው ዝናብ
እና እሷ በምታስታውሰው ዝናብ መካከል
ሁለት ክረምት አለ።
ሁለት ክረምት ሙሉ
አንድ ሰው በዚህ ከተማ፣ ስሜን ሳያውቅ፣ ያውቀኝ ነበር፤
እኔ በየቁልቁለቱ
ብቻዬን የምወርድ ይመስለኝ ነበር።

እርሳሱን ጠየቀችኝ።
ካርታው ላይ ቦታ አልተረፈም፣ በቀስት ሞልቼዋለሁ፤
ገለበጠችው፣
በደረሰኙ ፊት፣ ከሳል ሽሮፑ ዋጋ በላይ
አንዲት ነጥብ አደረገች።
ካርድ ሻጩ ልጅ አንገቱን አስግጎ አየ፣
ምንም አልገባውም።

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ጣራዎቹን መብላት ጀምሯል።
ቅያሱ ወዲያም ወዲህም አንድ መሰለኝ።
«በየት በኩል ነው የምንወጣው?» አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣
በአገጯ አሳየችኝ።